የይለፍ ቃል አደራ፦ ከአምቦ እስከ ባኮ

አምቦን በጠርሙስ የማያውቅ የለም። እኛ ደብረ ብርሃን ጥሬ ሥጋ በልቶ ሆዱ የከበደው ሁሉ “አምቦ አምጡልኝ” ይላል። ከተማዋን በእግሬ ረግጫታለሁ የሚል ጎረቤት ግን አላገኘሁም። ከጉዞዬ ስመለስ “እስቲ አምቦን አውሪን” እያሉ ቤቴን ሞሉት። ስለ ውሃው ሲጠብቁ ስለ ይለፍ ቃል ሳወራላቸው “ይቺ ሴትዮ አሁንም ክፍል ውስጥ ያለች መሰላት” ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ለእነሱም፣ ወደዚያ ለማይሄድም ሁሉ፣ ከነኮተቱ ጽፌዋለሁ።

ላሊሴ ተማሪ ሳለን አንድ መኝታ ክፍል የተጋራን ጓደኛዬ ናት። ትምህርት ስንጨርስ እኔ ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር አስተማሪ ሆንኩ፤ እሷ ወደ ተወለደችበት ወደ አምቦ ተመልሳ ኢንተርኔት ቤት ከፈተች። መስከረም ሊያልቅ ሲል ደወለችልኝ።

“ጽጌ፣ ኮምፒውተሮቼ ታመዋል። ነይና እይልኝ።”

ድምፁ ኮምፒውተር የታመመበት ሰው ድምፅ አልነበረም። ምን ሆነሻል ስላት “በስልክ አይሆንም” አለች። ላሊሴ እኮ የወለደች ዕለት ምጧን በስልክ የነገረችኝ ሴት ናት። ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ ድረስ ሰላም ነበር። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ግን የአምቦው መኪና ረዳት ቦርሳዬን ነጥቆ ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ሲል ተጣላን። ላፕቶፔ ውስጡ ነው።

“ማዘር፣ አይወድቅም” አለኝ።

“እናትህ ትውደቅ አላልኩም፤ ቦርሳውን አምጣ!” አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። እስከ አምቦ ድረስ ጉልበቴ ደነዘዘ።

ከሆለታ ወዲያ ያለውን አገር ስታዩት ዓይን ይጠግባል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ኑጉ ቢጫ ለብሷል። እኛ ጋ በዚህ ወር ገብሱ በውርጭ ይመታል ብለን ጠዋት ጠዋት ሰማይ እናያለን፤ እዚህ ሰው ሰማይ ሲያይ አላየሁም። እያደነቅኩ ሳለሁ ጊንጪ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ እንደምንም እየጎተተ ከተማው ውስጥ አስገባንና ሁላችንም ወረድን።

መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቆሜ አይታኝ የራሷን በርጩማ አነሣችልኝ። “አዴ፣ ኮቱ፣ ተቀመጪ” አለችኝ። አዴ ማለት በእነሱ ወይዘሮ፣ ኮቱ ደግሞ ነይ ማለት ነው። ትኩስ ወተት ሰጠችኝ። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ከየት ነህ ይባላል፤ እሷ መጀመሪያ አጠጥታኝ በኋላ ነው ወዴት እንደምሄድ የጠየቀችኝ።

“አምቦ፤ ኢንተርኔት ቤት ያላት ላሊሴ ጋ” አልኳት።

“ውይ፣ ላሊሴ! የልጄ ይለፍ ቃል እሷ ጋ እኮ ነው ያለው!” ብላ ጮኸች።

ጎማ የሚፈታው ረዳት፣ እህል የጫኑት ገበሬዎች፣ ሁሉም ሰምተዋል። የገረመኝ ማንም አለመገረሙ ነው። እንዲያውም አንዱ ገበሬ “የወንድሜም እሷ ጋ ነው” አለ። እኔ ተማሪዎቼን በየዓመቱ መጀመሪያ የማስተምራቸው ነገር ቢኖር “ይለፍ ቃልህን ለእናትህም አትንገር” ነው። የወተቱን ብርጭቆ መሬት አስቀመጥኩት።

አምቦ ስደርስ ላሊሴ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። ባጃጁን ትታ በጋሪ ወሰደችኝ፤ ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩ ይሰማል፣ ጋሪ ላይ ግን የፈረሱ ኮቴ ወሬ ይሸፍናል አለች። ያኔ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ቤቷ ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልኝ። ቆጮ በልቼ አላውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ከበደኝ፣ ሦስተኛው ላይ ራሴ መቁረስ ጀመርኩ። ባሏ ለሥራ ነቀምቴ ነው፣ ልጇን እናቷ ጋ ልካታለች። ከተመገብን በኋላ ሁሉንም ነገረችኝ።

የንግድ ፈቃዷ የሚታደስበት ጊዜ ነው። ጉዳዩን የያዘው አቶ በላይ የሚባል ሰው ጠርቶ ሁለት ነገር አዟታል። ኮምፒውተሮቿ ላይ ያለውን መሹለኪያ የሚሉትን ፕሮግራም እንድታጠፋ፣ ሰኞ ስትመጣ ደግሞ የደንበኞቿን ይለፍ ቃል እንድትነግረው። በተለይ ባኮ የሚኖሩትን የኦቦ ዲንሳን፤ ኦቦ እንደ እኛ አቶ ነው። እምቢ ካለች ፈቃዱ አይታደስም፣ ቤቱ ይዘጋል።

“ሰውየው ክፉ አይደለም እኮ” አለችኝ። “የርቀት ትምህርቱን የቤት ሥራ የሚልከው እኛ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። እሱንም ከላይ አዘውት ይሆናል።”

“አንቺ ግን የሰው ይለፍ ቃል ምን ቤት ነው አንቺ ጋ የተቀመጠው?”

እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ኢንተርኔት ቤቱን ስትከፍት ኢሜይል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተማሪው ለማመልከቻ፣ ነጋዴው ለዕቃ፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣል፤ እሷ ትከፍትለታለች። ይለፍ ቃል ላይ ስትደርስ “በሕይወትዎ የማይረሱትን ነገር ይንገሩኝ” ትላለች። አንዱ የበሬውን ስም፣ አንዱ የመጀመሪያ ፍቅረኛውን ስም ይነግራታል። ሰዎቹ የማይረሱትን ነገር አይረሱም፤ እንዴት አድርገው እንደጻፉት ግን ይረሳሉ። ስለዚህ በመጡ ቁጥር “ላሊሴ፣ ምን ነበር?” ነው። እሷ የትም አትጽፈውም። አንዴ የሰማችው ከጭንቅላቷ አይወጣም።

“እና አላውቅም በይዋ!” አልኳት። “ጭንቅላትሽን ከፍቶ አያይ።”

“አውቃለሁ እኮ።”

“እሱ በምን ያውቃል?”

“እግዚአብሔርስ?” አለችኝ። ላሊሴ ጴንጤ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስሞ እንደሚመለስ ሰው አይደለችም፣ ከልቧ ናት። መዋሸት አትችልም። ተማሪ ሆነን ተቆጣጣሪዋ “ማን ነው መብራት ያበራው?” ስትል እኔ ተኝቻለሁ ስል እሷ “እኛ ነን” የምትል ጉድ ነበረች። አሁንም ያው ናት። ተናደድኩባት፣ ደግሞም አዘንኩላት።

ትንሽ አስቤ “እንግዲያውስ የምታውቂው ነገር የማይረባ ይሁን” አልኳት። “ሁሉም ሰው ይቀይር። ያኔ አላውቅም ብትዪ እውነት ነው።”

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

“ጽጌ፣ አደራ እኮ ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው የሚመለሰው። ሳይጠይቅሽ መልሰሽ ስትሰጪው ‘አንተን ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም’ እንደማለት ነው። ይቀየሙኛል።”

ዓርብ

ጠዋት ኢንተርኔት ቤቷ ሄድን። አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አቧራ እንዳይገባባቸው ዳንቴል የለበሱ። ዳንቴሉን እያነሣሁ መሹለኪያውን ማጥፋት ጀመርኩ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቪፒኤን የሚሉትን ፕሮግራም የአምቦ ልጆች መሹለኪያ ብለውታል። በዚያ ዘመን መንግሥት የዘጋቸው ድረ ገጾች ነበሩ። ሊከፍቱት ሲሞክሩ ባዶ ገጽ ይመጣል፤ ለምን እንደተዘጋ የሚነግር የለም። መሹለኪያው ኮምፒውተሩን ሌላ አገር የተቀመጠ ያስመስለዋል፣ የተዘጋውም ይከፈታል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ መስመሩን የያዘው ሰው ምን እንደሚያነቡ፣ ለማን እንደሚጽፉ እንዳያይ ይጋርዳል። ለዚህ ነው የማይወደደው።

እኔ መሹለኪያን እንደ ታቦት የማይ ሰው አይደለሁም። በነጻ ተጭኖ በነጻ የሚሠራውን ማን እንደሠራው አናውቅም፤ ከምናውቀው ዓይን ሸሽተን የማናውቀው ዓይን ሥር እንቀመጣለን። ይህንኑ ለላሊሴ ነገርኳት።

“የማላውቀው ሰው ቢያነበኝ ፈቃዴን አይነጥቀኝም” አለችኝ። ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ዞርኩ።

የመጨረሻውን ኮምፒውተር ሳጸዳ “ወይ አቶ በላይ!” ብላ ለብቻዋ ሳቀች። የሚማርበት የውጭ አገር ድረ ገጽ አንዳንድ ቀን ያለ መሹለኪያው አይከፈትም አለችኝ። ከዚያ ፊቷ መልሶ ጠቆረ። እኔም ጣቴ ያጠፋውን ነገር እያየሁ ደስ አላለኝም። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣልን ማን እንደከፈተው ፖስታው ላይ ባለው ሙጫ እናውቅ ነበር። አሁን የተከፈተና ያልተከፈተ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው።

ከዚያ ሰው መጥራት ተጀመረ። መጀመሪያ የመጣው መምህር ፈይሳ ነበር፣ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ረጅምና ሥርዓተኛ ሰው። ላሊሴ “ይለፍ ቃልህን ቀይር፣ ለኔም አትንገረኝ” ስትለው መነጽሩን አወለቀ።

“ምን ሰማሽብኝ?”

“ምንም አልሰማሁም፤ ለሁሉም ነው የምለው።”

“ለሁሉም የሚባል ነገር የለም። ከኔ የጀመርሽው አንድ ነገር ሰምተሽ ነው።”

እኔ ገብቼ ስለ ጥንቃቄ ላስረዳ ስል በዓይኑ አስቆመኝ። ቀየረ፣ ግን “ደህና ዋሉ” ሳይል ወጣ። ላሊሴ በሩ ድረስ ተከትላው ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ቢሆን ሰው አፉን ሞልቶ ይሰድባል፣ ማታ ይታረቃል። የአምቦ ሰው ሲቀየም ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ ይከብዳል።

ከሰዓት በኋላ ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ አስካለ መጡ። እሳቸው ኢሜይል የያዙት አረብ አገር ያለ የእህታቸው ልጅ ፎቶ ይልክላቸዋል ብለው ነው። ላሊሴ ስትነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

“ምኑን ልቀይረው? የልጄ ስም እኮ ነው፤ ያረፈችው። ስሟን የምጠራበት ሌላ ቦታ የለኝም።”

ላሊሴ ተነሥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። “ስሟን አይቀይሩት፣ እትዬ አስካለ። ከኋላው እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ይጨምሩበት።”

“ምን ልጨምር?”

“አይንገሩኝ! እርስዎ ብቻ ይወቁት።”

ሴትዮዋ ብዙ አሰቡ፣ ከዚያ በአንድ ጣት የሆነ ነገር ጨመሩ። ሲወጡ ላሊሴን ጉንጯን ሳሟት። ያን ቀን የሳማት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እስከ ማታ የጠራችው ሁሉ መጥቶ ቀየረ፤ አንዱ በወጣ ቁጥር ግን ላሊሴ ከወንበሯ ላይ ትንሽ ዝቅ የምትል ይመስለኝ ነበር። ጊንጪ ላሉት ደግሞ ሻይ ሻጯን በሚያውቅ ሹፌር በኩል “ልጅሽም፣ የገበሬው ወንድምም ይቀይሩ” ብላ ላከች።

“ኦቦ ዲንሳስ? ደውይላቸው” አልኳት።

“ስልክ ላይ ስማቸውን አልጠራም። እንሄዳለን።”

ቅዳሜ

ባኮ ከአምቦ ጠዋት ተነሥቶ ከምሳ በፊት ይደረሳል፣ እግዜር ከፈቀደ። ጉደር ላይ ወንዙን አይተን አለፍን፤ ላሊሴ “እዚህ ወይን ይበቅላል” አለችኝና እኔም ወይኑን ላይ ብዬ አንገቴን ስመዝ ተራራው ላይ መውጣት ጀመርን። ጌዶ ስንደርስ የተወለድኩበት አገር የገባሁ መሰለኝ፤ ጭጋግ፣ ብርድ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው። ደስ ብሎኝ ያለኝን ሹራብ ሁሉ ደራርቤ ለበስኩ። ላሊሴ “ቆይ ታያለሽ” አለችኝ፣ አልሰማኋትም። መኪናው ወደ ባኮ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሙቀቱ መጣ። ሹራቡን ላውልቅ ብል ግራና ቀኜ ሰው ነው፤ ክንዴን ማንሣት አልቻልኩም። በላብ ታጥቤ ባኮ ወረድኩ። የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሹራቤን አንድ በአንድ ስገፍ የባኮ ሰው ቆሞ ተመለከተኝ።

ኦቦ ዲንሳ ከከተማው ወጣ ብሎ በቆሎ መካከል ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በቆሎ ዘር ሲያዳቅሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። አምቦ ልጃቸው ጋ ሲመጡ ላሊሴ ጋ ቁጭ ብለው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ።

“አካም ጅርቱ! ኮታ፣ ታአ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!” ቋንቋውን እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ባለቤታቸው እሸት በቆሎ ጠብሰው በትሪ አመጡ። እኛ ጋ በቆሎ ልጆች መንገድ ላይ የሚግጡት ነው፤ እዚያ ቤት ግን ኦቦ ዲንሳ እያንዳንዱን እሸት እያነሡ “ይሄ እናቱ እንዲህ ናት፣ አባቱ እንዲህ ነው” እያሉ ዘር ቆጠሩልኝ። የበላሁትን በቆሎ ቤተሰብ ሳውቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ላሊሴ በቆሎውን ሳትነካ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ሳቃቸው ቆመ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አደራ ሰጥቼሽ አደራዬን ትመልሺልኛለሽ? ምን በደልኩሽ?”

“አልበደሉኝም፣ ኦቦ ዲንሳ።”

“እኔ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያ ነው፣ ስለ መሬት ነው። አደባባይ ላይም የምለው ነው። የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ይክፈቱት፣ ያንብቡት!”

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው “የምትደብቀው ከሌለህ ስትጽፍ እኔን ለምን ዞር በይ ትለኛለህ?” አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

እኔ ሊቅነቴን ላሳይ ብዬ ስለ ደኅንነት ማውራት ጀመርኩ። አንገታቸውን ወዘወዙ እንጂ አልሰሙኝም። ላሊሴ ናት ያገኘችው።

“የእርስዎን ተዉት” አለቻቸው። “ለእርስዎ የጻፉልዎት ሰዎችስ? እዚያ ውስጥ እኮ የእነሱም ደብዳቤ አለ። ይከፈት ብለው እነሱ ፈቅደዋል?”

ኦቦ ዲንሳ የያዙትን በቆሎ ትሪው ላይ መለሱት። “እሱ የኔ አይደለም” አሉ ቀስ ብለው። “እውነትሽን ነው። እሱ የኔ አይደለም።”

ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ላፕቶፔንና የላሊሴን የኢንተርኔት መቀበያ ይዘን ከግቢው በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣን፤ እዚያ ካለው ማንጎ አጠገብ ትንሽ ይይዛል። ያዘም። ፀሐዩ ግን ስክሪኑን አጠፋው፣ ምንም አይታይም። ባለቤታቸው ተመልሰው ጋቢ አመጡና በሽማግሌው ራስ ላይ ጣሉባቸው። ኦቦ ዲንሳ ላፕቶፑን ታቅፈው ጋቢ ውስጥ ገቡ። ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

“ላሊሴ፣ የድሮው ምን ነበር?”

ጋቢውን ገለጥ አድርጋ በጆሯቸው ነገረቻቸው። “ኤዬ!” አሉ ከውስጥ፣ የድሮ ወዳጅ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው በሚያወጣው ድምፅ። ከዚያ “ዞር በሉ!” አሉን። ጋቢ ውስጥ ሆነው እኮ ነው። ዞር አልን። ሦስት ሴቶች ለበቆሎው ፊታችንን ሰጥተን ቆምን፤ ከኋላችን አንዲት ጣት ቷ… ቷ… ታደርጋለች።

ያን ቀን አልተመለስንም፣ አልለቀቁንም። አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይሠራል፤ ባኮ አንሶላም ይበዛል።

እሑድ

መልስ ጉዞ ላይ ላሊሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና አለች። መዝሙር አንጎራጎረች። ጌዶ ወርደን ሻይ ቤት እንደተቀመጥን ስልኳ ጮኸ። አነሣችው። ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ኦቦ ዲንሳ ስልክ ሲያወሩ ከባኮ ያለ ስልክም የሚሰሙ ይመስላል።

“ላሊሴ! አዲሱን እንዳልረሳው ያዥልኝ! ተቀበይ…”

“አይንገሩኝ!” ብላ ጮኸች። ስልኩን እሳት እንደነካ ሰው ጭኔ ላይ ወረወረችውና ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ከስልኩ ውስጥ ሽማግሌው መናገር ሊጀምሩ ነው። ምን ላድርግ? “ኔትወርክ የለም! አይሰማም! ኔትወርክ የለም!” ብዬ ጮኬ ዘጋሁት። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እብድ መጣ ብሎ አየን።

ላሊሴ ጆሮዋን ቀስ ብላ ለቀቀች። “ዋሸሽ እኮ” አለችኝ።

“ልኮነን! በስልክ፣ በዚያ ድምፅ፣ ለአገሩ ሁሉ ሊያነቡት ነበር እኮ!”

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሆዳችንን እስኪያመን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ገባኝ፤ ኦቦ ዲንሳ ሞኝ አይደሉም። ለዓመታት የለመዱት እንዲህ ነው። ሚስጥር ማለት ለእሳቸው ማንም የማያውቀው ነገር ሳይሆን የምታምነው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ያን ልማድ ለማፍረስ ነው ባኮ ድረስ የሄድኩት። አምቦ ስንገባ “የጊንጪዎቹም ቀይረዋል” የሚል መልስ ጠበቀን።

ሰኞ

ላሊሴ እሑድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። እኔም ባለሙያ ተብዬ አብሬያት ገባሁ። አቶ በላይ ጸጉሩ በአግባቡ የተበጠረ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ተነሥቶ ጨበጠን። ክፉ ፊት ጠብቄ ስለነበር ደነገጥኩ።

“መሹለኪያው?” አለ።

“ጠፍቷል” አልኩ እኔ።

“ሙሉ በሙሉ?”

“ሙሉ በሙሉ።” ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ላሊሴ ዞረ። “የነገርኩሽስ? የደንበኞችሽ ይለፍ ቃል።”

“ለባለቤቶቹ መልሻለሁ” አለችው። “ሁሉም ቀይረዋል። አሁን አላውቅም።”

“የዲንሳም?”

“የኦቦ ዲንሳም።”

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ፊቱ ላይ ንዴት አላየሁም፣ ድካም እንጂ። “የማንንም አታውቂም?”

በቃ፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ። አላውቅም በይውና እንውጣ። ላሊሴ ግን ቀሚሷን እያስተካከለች መሬት መሬት አየች። መዋሸት አትችልም ብያችሁ የለም?

“የአንድ ሰው ቀርቷል” አለች።

አቶ በላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። “የማን?”

“የእርስዎ።”

ከውጭ የጋሪ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰውየው ሲናገር ድምፁ የሹም ድምፅ አልነበረም።

“ለሁሉም ስትነግሪ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?”

“እርስዎ የሚፈሩት ሰው ያለ አልመሰለኝም።”

ይህን ያለችው ለመውጋት አልነበረም፤ እውነቷን ነው። ሰውየው ተነሣ። በሩን ይከፍታል፣ ያስወጣናል ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። በሩን ግን ዘጋው። ተመልሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና፣ ከተዘጋው በር ጀርባም ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ምን ነበር?” አላት።

ላሊሴ ጠረጴዛውን ዞራ በጆሮው ነገረችው። ምን እንደነበር አላውቅም፣ ጠይቄያትም አልነገረችኝም። ሲሰማው ግን ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እጁን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ቀና አለና እኔንና እሷን ተመለከተ።

“ዞር በሉ” አለን።

ዞር አልን። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየን ከኋላችን አንዲት ጣት ቷ… ቷ… ስትል ሰማን።

ፈቃዱን ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። ስለ ኦቦ ዲንሳ ያን ቀን አላነሣም፤ በኋላ ሌላ ሰው ያነሣው እንደሆነ ግን ማን ያውቃል። በእኛ በኩል ግን ከእጃችን የወጣ ነገር የለም። አደባባይ ስንደርስ ላሊሴ ቆመች።

“ጽጌ፣ እንግዲህ የማንንም አላውቅም።”

እንኳን ደስ አለሽ ልል ነበር። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ከመንገዱ ማዶ መምህር ፈይሳ ደብተሩን ይዞ ያልፋል፤ አይቷታል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላትና መንገዱን ቀጠለ። ድሮ ተሻግሮ ይመጣ ነበር አለችኝ። ክንዷን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድን፤ መኪናዬ ሊሞላ ነበር።